በክንዳቸው ሰዓት የሚያሳዩት መምህርት

እትዬ አትጠገብ መሞታቸውን የነገረኝ ከስማዳ የደወለልኝ የድሮ ባልደረባችን ነው። "ታመው ሰነበቱ፤ ወደ ደብረ ታቦር የሚያወጣቸው መኪና ጠፍቶ እዚሁ አረፉ" አለኝ። በሕይወት ሳሉ የጠፋው መኪና ለአስከሬናቸው ተገኘና በማግሥቱ መካነ ኢየሱስ ገቡ። እኛም ቀበርናቸው።

ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ተወክሎ የመጣ ሰው ነው። ድምፁ ያማረ ነው። "መምህርት አትጠገብ ሰዓት አክባሪ፣ ለተማሪዎቻቸው እናት፣ ለሙያቸው ሟች ነበሩ" እያለ ሲያነብ ሴቶቹ አለቀሱ። እኔ አላለቀስሁም። ጋቢዬን ሰብስቤ ከሰዉ መካከል ወጣሁና ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ብቻዬን ቆምሁ። ያ ሰው እሳቸውን ከዚህ ከተማ ነቅለው ወደ ስማዳ ቆላ ካወረዷቸው ሰዎች አንዱ ነው። ሰዓት የሚለውን ቃል ከእሳቸው ስም ጋር አጣምሮ ሊናገር ባልተገባው ነበር።

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም። ስለዚህ እሱ ያላነበበውን እኔ እጽፈዋለሁ።

እትዬ አትጠገብ ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወጣ ባለች መንደር ተወልደው መካነ ኢየሱስ የኖሩ የሂሳብ መምህርት ነበሩ። እኔ በዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ቀጭንና ረጅም ናቸው፤ ክንዳቸው ደግሞ ከቁመታቸውም የባሰ ረጅም ይመስል ነበር። ቁጡ ናቸው። ጠመኔ ሲሰበርባቸው ጠመኔውን ይቆጡታል። በር በርግዶ የገባውን ሰው፣ ርዕሰ መምህሩም ቢሆን፣ "ውጣና እንደ ሰው ግባ" ይሉታል። ልጆቹን "አላውቅም ማለት ነውር አይደለም፤ ሳታውቅ አንገትህን የነቀነቅህልኝ እንደሆነ ግን እጣላሃለሁ" ይሏቸው ነበር። ከሁሉ የሚያናድዳቸው "ቆይ" የሚለው ቃል ነው። አንድ ሰው "ቆይ እትዬ" ካላቸው ወዲያው ዞር ብለው "ቆይ ማለት ስንት ደቂቃ ነው?" ይላሉ። የምር ነው የሚጠይቁት፤ መልስ ካልተሰጣቸው አይንቀሳቀሱም።

ልጆችን ሰዓት ማየት ለማስተማር በኋላ ያን ያህል የደከሙት ግን በተፈጥሯቸው ስለሆነ አይደለም። ምክንያት አለው።

ማስተዋል የምትባል ተማሪ ነበረችን። ያኔ አራተኛ ክፍል ናት። እናቷ ዓይናቸውን ታመው ደብረ ታቦር ላይ ለዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ነበር። አውቶቡሱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይነሣል ተብለዋል። እናት ማንበብ አይችሉም፤ ልጅቱ ተማሪ ናት ተብሎ የአባቷ ስልክ ተሰጣትና እናቷን እየመራች ወጣች። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ክረምት ነው፤ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ፀሐይ የለችም። ስልኩ የሚቆጥረው ደግሞ በፈረንጅ ነው። ልጅቱ ሁለት የሚል ቁጥር እስኪወጣ ስልኩ ላይ አፍጥጣ ትጠብቃለች። እናት "ልጄ፣ አልረፈደም?" ሲሏት "ገና ነው እማ፣ ሁለት አላለም" ትላቸዋለች። ስልኩ ስምንት ሲል አውቶቡሱ ከፊታቸው ተነሥቶ ሄደ። ሐኪሞቹ ለዘመቻ የመጡ ነበሩና እነማስተዋል በማግሥቱ ሲደርሱ ሥራቸውን ጨርሰው ተነሥተዋል። እናት አንድ ዓይናቸውን በዚያው ዓመት አጡ።

ወሬው ትምህርት ቤት የደረሰ ዕለት እትዬ አትጠገብ ልጅቱን አንድ ቃል አልተናገሯትም። የተቆጡት እኛን ነው። በመምህራን ማረፊያው መካከል ቆመው፣ "ቁጥር አስቆጥረናታል። አስደምረናታል፣ አስቀንሰናታል። ሰዓት ማየት ግን አላስተማርናትም። ለምን? ስልክ አለ ብለን" አሉ።

"የስልኩ አቆጣጠር ነው እንጂ የእኛ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?" አለ አንድ መምህር።

"ስልኩማ ቁጥሩን ነግሯታል" አሉት። "ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግራት ሰው ነው የጠፋው። ያ ሰው አንተ ነህ፤ እኔም ነኝ።"

ከዚያ ወዲያ የሂሳብ ክፍለ ጊዜያቸው መልኩ ተለወጠ። ከየሱቁ ካርቶን እየለመኑ ክብ ሰዓት ቆርጠው ለየልጁ አደሉ፤ አጭሩና ረጅሙ ቆጣሪ በሽቦ ታስሮ ይዞራል። የፈረንጁንና የእኛን ሰዓት ያስታረቁበት መንገድ ቀላል ነው።

"ስልኩ ስምንት አላችሁ። ስምንትን ክቡ ላይ ፈልጉ" ይላሉ። "ባሻገሩ ማን ተቀምጧል?"

"ሁለት፣ ቲቸር።"

"የእኛ ሰዓት እሱ ነው። አሥራ አንድ ቢላችሁስ?"

"አምስት፣ ቲቸር።"

ይኸው ነው። አንድ ጊዜ የሰዓት ፊት በልቡ የተሳለበት ልጅ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ስልክ አይታለልም። "ስልክ አሁን ስንት እንደሆነ ብቻ ይነግርሃል" ይሉ ነበር። "ክቡ ግን ምን ያህል እንዳለፈና ምን ያህል እንደቀረህ በዓይንህ ያሳይሃል። ለሰው የሚያስፈልገው የቀረው ነው።"

ካርቶኑ ሲያልቅ ክንዳቸውን ሰዓት አደረጉት። ግራ ክንዳቸውን ከክርናቸው አጥፈው አጭሩን ቆጣሪ፣ ቀኙን ዘርግተው ረጅሙን ይሆናሉ። መጀመሪያ ፊት ለፊት ሲቆሙ ለልጆቹ ግራና ቀኙ ተገለባበጠባቸው። ስለዚህ ለልጆቹ ጀርባቸውን ሰጥተው መቆም ጀመሩ፤ እንዲያ ሲሆን ከኋላ ሆኖ ለሚያይ ሰው ልክ እንደ ግድግዳ ሰዓት ይነበባሉ። ክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም። ገበያ መካከል አንድ ልጅ "ቲቸር፣ ስንት ሰዓት ነው?" ካላቸው ዘንቢላቸውን መሬት ያስቀምጡና ዞረው ክንዳቸውን ያነሣሉ። ሰው ይስቃል። እሳቸው አይስቁም። ልጁ በትክክል እስኪያነበው ድረስ ክንዳቸውን አያወርዱም።

ይህ ጥቂት ዓመታት ቆየ። ከዚያ አዲስ ሱፐርቫይዘር መጣ፤ በኋላ ቀብራቸው ላይ ያነበበው ሰው ማለት ነው። አንድ ቀን ክፍላቸው ገብቶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ትምህርቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታተለ። ጀርባቸውን ሰጥተው በክንዳቸው ሰዓት ሲያሳዩ፣ ልጆቹም በአንድ ድምፅ ሲያነቡ አየ። ሲወጡ መምህራን ማረፊያ መጥቶ፣ እኛም እየሰማን፣

"እትዬ፣ ጥረትዎን አደንቃለሁ" አላቸው። "ግን ይህን ያህል ክፍለ ጊዜ ለሰዓት? ዛሬ እኮ ስልክ የሌለበት ቤት የለም።"

"ስልኩ የማን ነው?" አሉት።

"የቤተሰቡ ነዋ።"

"የአባቱ ነው። አባቱ ደግሞ እርሻ ላይ ነው። ስልኩም አብሮት ነው።"

"እሺ፣ ይሁን። ነገር ግን እዚህ ክፍል ውስጥ ፊደል ያልለዩ ልጆች አሉ። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ሰዓት ምን ያደርግለታል? ጊዜው ለንባብና ለስሌት መዋል አለበት።"

በሐቅ ለመናገር ይህ ከንቱ ክርክር አልነበረም። የአማርኛ መምህሩ እኔ ነኝና ፊደል ያልለዩ ልጆች እንደነበሩን አውቃለሁ። እንደዚያም አልሁት፤ "የንባቡ ጉድለት የእኔ ነው፤ ከእሳቸው ክፍለ ጊዜ አትቁረጥ፤ ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ይምጡና እኔ ላስነብብ" አልሁ። ርዕሰ መምህሩ ሱፐርቫይዘሩን ላለማስከፋት ዝም አለ። በሚቀጥለው ሰሚስተር የሰዓት ትምህርት ከዕቅዱ ወጣ። እትዬ አትጠገብ ከሱፐርቫይዘሩ ጋር የተነጋገርን ዕለት ስንወጣ እኔንም አልማሩኝም። "ተለሳልሰህ ተናገርህ" አሉኝ። "እንደዚያ ለሚናገር ሰው ተለሳልሶ መመለስ መስማማት ነው።"

ከዚያ ማስተዋልና ጓደኞቿ ስምንተኛ ክፍል ደረሱ፤ የክልላዊው ፈተና ቀን መጣ። ፈታኞች ከሌላ ትምህርት ቤት ስለሚመጡ እኛ የቤቱ መምህራን ክፍል መግባት አይፈቀድልንም። እትዬ አትጠገብ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ሆነው የልጆቹን ስልክና ቦርሳ እንዲጠብቁ ተመደቡ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነበርሁ። ተፈታኞቹ ስልክ የላቸውም፣ የእጅ ሰዓት የላቸውም፤ ሁሉም በር ላይ ተሰብስቦ እኛ ዘንድ ነው። ክፍሉ ውስጥ ከሰሌዳው በላይ የተሰቀለው ሰዓት ደግሞ ባትሪው አልቆ ከቆመ ቆይቷል።

ፈተናው ተጋምሶ ሳለ በተከፈተው መስኮት የአንድ ልጅ ድምፅ ሰማን። "ስንት ሰዓት ቀረን?" ይላል። ፈታኙ "ወሬ የለም፤ ሰዓታችሁን ራሳችሁ ተቆጣጠሩ" አለው።

እትዬ አትጠገብ ከተቀመጡበት ተነሡ። "በምን ይቆጣጠሩት?" አሉኝ፤ እኔ የማውቅ ይመስል። በጥድፊያ ወጥተው ከሱቅ ባትሪ ገዝተው ተመለሱ። የመፈተኛው ክፍል በር ላይ የቆመው ፖሊስ ማንም አይገባም አላቸው። "እኔ አልገባም፤ ባትሪውን አንተ ስጥልኝ" አሉት። "ምንም ነገር አይገባም" አለ። "እንግዲያው ፈታኙ ሰዓቱን ይንገራቸው።" "ቆይ እትዬ፣ ኃላፊው ይምጣና ይነጋገሩ" አላቸው።

ቆይ ተባሉ። የፊታቸው ደም ሥር ሲነሣ አየሁ። ግን አልጮሁም። የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ ቀጥ ብለው ሄደው ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ካለው ሜዳ መካከል ቆሙ። ጀርባቸውን ለክፍሉ ሰጡ። ግራ ክንዳቸውን አጠፉ፤ ቀኙን ዘረጉ። እንደዚያ ሆነው ቆሙ። ትንሽ ቆይተው ሰዓታቸውን አዩና ቀኙን ክንዳቸውን ወደሚቀጥለው ቁጥር አሸጋገሩ። እኔ ካለሁበት የክፍሉ ውስጥ ጨለማ ነው፤ ማን ቀና እንዳለ፣ ማን እንዳጎነበሰ አልታየኝም። ድምፅ ግን ጠፋ። ያ ይጠይቅ የነበረው ልጅም ዝም አለ።

ፈተናው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ፈታኙ በመስኮት አያቸው። በኋላ የሆነውን ማንም ይገምተዋል። ምርጫዎቹ አራት ናቸው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። የሴትዮዋ ክንድ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ይላል። "በኮድ መልስ እየሰጠች ነው" ተባለ። ልጆቹ ወረቀታቸውን አስረክበው ሳይወጡ እሳቸውን ፖሊስ ይዟቸው ሄደ። እያለፉ "ልጆቹን ምን እንዳሏቸው አጣራና ንገረኝ" አሉኝ።

ያሉኝን አጣርቼ ከተያዙበት ሄጄ ነገርኋቸው። ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ተፈታኞቹ ምልክቱን አይተዋል ከተባለ የዚያ ክፍል ልጆች ውጤት በሙሉ ይሰረዛል። "ልጆቹን ሰብስብ" አሉኝ። "ማንም አላየኝም። ገባህ? አንድም ልጅ ቀና አላለም። እንደዚያ እንዲሉ ንገራቸው።"

"እትዬ፣ እውነቱን ብንናገር አይሻልም? ሰዓት መሆኑን እኮ ከተማው ሁሉ ያውቃል።"

"ከተማው ኮሚቴ አይደለም" አሉኝ።

ነገርኋቸው። ልጆቹም አንድ በአንድ ኮሚቴው ፊት ቀርበው "አላየንም" አሉ። በእውነት አይታችሁ ነበር ወይ ብዬ ለራሴ እንኳ አልጠየቅኋቸውም፤ አንዱ ከአፉ ቢያመልጠው ብዬ ፈራሁ።

እሳቸው ሲጠየቁ እኔም በምስክርነት ተጠርቼ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ሰብሳቢው "ክንድዎን አንሥተው ቆመዋል?" አላቸው።

"ቆሜያለሁ።"

"ለምን?"

"ወገቤን አሞኝ ነው። ስንጠራራ።"

"ያን ሁሉ ጊዜ?"

"ያን ሁሉ ጊዜ አሞኝ ነበር። ጀርባዬን ሰጥቻለሁ። ልጆቹ አላዩኝም፤ ቢያዩኝም ምንም አይገባቸውም።"

ስንት ዓመት ሙሉ ልጆች ክንዳቸውን እንዲያነቡ የደከሙ ሴት፣ ቢያዩኝም አይገባቸውም ብለው በገዛ አፋቸው መሰከሩ። ከዚያ በፊት ሲዋሹ ሰምቻቸው አላውቅም።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ ሱፐርቫይዘሩ ነበር። ክፍላቸው ገብቶ፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ያንኑ ክንድ ያንኑ ጀርባ በዓይኑ ያየው ሰው። ሰዓት ነው፣ እኔ አይቼዋለሁ ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። የልጆቹም ውጤት አይነካ፣ የእሳቸውም ስም አይጠፋ። እስክሪብቶውን እያገላበጠ ጠረጴዛውን ሲያይ ቆየ። አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ሲወጣ ተከትዬ ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ያዝሁት። "ታውቅ የለም እንዴ?" አልሁት።

"አውቃለሁ" አለ። አለመካዱ የባሰ አናደደኝ።

"ታዲያ?"

"ሰዓት ነው ብል ሰዓቱን ለምን ከዕቅድ አስወጣኸው ሊሉኝ ነው። እሳቸው እንደሆነ አይባረሩም፤ ዝውውር ብቻ ነው። እኔ ግን ቤተሰብ አለኝ።"

"እሳቸውስ?" ብዬ የልብሱን ኮሌታ ጨበጥሁ። ሰዎች ገላገሉን። ለዚያ እኔም ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ አልጸጸትም።

የፈተና ሥርዓት አውከዋል ተብሎ እትዬ አትጠገብ ስማዳ ውስጥ፣ ከመኪና መንገድ ርቆ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። የልጆቹ ውጤት አልተሰረዘም። ማስተዋልም አለፈች። ሱፐርቫይዘሩ ጥቂት ቆይቶ ከፍ ወዳለ ወንበር ወጣ።

አንድ ጊዜ ብቻ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ብዙ ዓመት አልፎ ነበር። ማስተዋል ደብረ ታቦር ጤና ተምራ ልትመረቅ ስትል ቤቴ መጥታ "እሳቸው ጋ ይውሰዱኝ" አለችኝ። መንገዱ የሚከፈትበትን ሳምንት ጠብቀን፣ እስከ ሆነ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በእግራችን ወረድን። ጠዋት እንደርሳለን ብለን መልእክት ልከንላቸው ነበርና ቀትር ላይ ስንደርስ እጃቸውን አጣምረው በር ላይ ቆመው አገኘናቸው።

"ጠዋት ማለት ለእናንተ ይኼ ነው?" አሉን። ሰላምታቸው እሱ ነበር።

ጠቁረዋል፤ ከስተዋል። የእጃቸው አጥንት ወጥቷል። በዚያ ትምህርት ቤት ካርቶንም አይገኝ፤ ግቢው ውስጥ ድንጋይ በክብ ደርድረው ትልቅ ሰዓት ሠርተዋል፤ ሁለት ግንድ ቆጣሪ ሆኖ ተጋድሟል። "እዚህ ሱፐርቫይዘር አይመጣም፤ መንገዱ ያደክመዋል" አሉኝ። የቤታቸው ግድግዳ ከክፍሎቹ ጋር የተያያዘ ነው። እንጀራ አቀረቡልን። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ መምህር እጥረት፣ ስለማይመጣው መጽሐፍ አንድ በአንድ እየተቆጡ ነገሩን። ዝውውሩን አላነሡትም።

ማስተዋል እጇን ታጥባ እንደተቀመጠች፣ "ቲቸር" አለች። "አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት።"

"ተናገሪ።"

"የፈተናው ዕለት አይተንዎታል።"

እትዬ አትጠገብ የያዙት ጣሳ እጃቸው ላይ ቀረ።

"ሁላችንም አይተንዎታል" አለች። "መጀመሪያ እኔ ነኝ ቀና ያልሁት። ጊዜው ያለቀብን መስሎኝ እጄ መጻፍ አቅቶት ነበር። እርስዎን ሳይ ብዙ እንደቀረን አወቅሁ። ዘልያቸው የነበሩትን ጥያቄዎች ተመልሼ ሠራኋቸው። ከአጠገቤ ያለውም አየ፤ ከኋላ ያሉትም አዩ። ክንድዎን ባዞሩ ቁጥር ሁላችንም አንብበነዋል። አላየንም ያልነው እርስዎ በሉ ስላሉን ነው።"

ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። ያለቅሳሉም ብዬ አስቤ ነበር። እሳቸው ግን ጣሳውን አስቀምጠው ተነሡ፤ ወደ በሩ ሄደው ውጭውን ግራና ቀኝ አዩ። በሩን ዘጉት። ተመልሰው ከልጅቱ ፊት ጎንበስ አሉ።

"ዝም በይ" አሏት። "ሰው ይሰማል። ውጤታችሁን ይሰርዙታል።"

"ቲቸር፣ እኔ እኮ ልመረቅ ነው። ያ ነገር አልቋል።"

"ቢሆንም" አሉ በሹክሹክታ። "ቢሆንም ዝም በይ። ለሌላ ሰው እንዳትናገሪ።"

ርዕሰ መምህሩን ውጣና እንደ ሰው ግባ ይሉ የነበሩ ሴት ናቸው። ፖሊስ ፊት፣ ባለሥልጣን ፊት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አያውቁም። በገዛ ቤታቸው በር ዘግተው ሲንሾካሾኩ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ያደረጓቸው ይህንን ነው፤ እኔም ይቅር የማልለው ይህንን ነው።